የአሥራ አንድ ቁጥሩ እግር

የስቴንሆልት እግር ኳስ ክለብ በአውሮፓ ውድድር ያለው ታሪክ ሁለት ጨዋታ ነው። አሥር ጎል ገባብን፣ አንድ አገባን። እሷንም ያገባት አናጢው ካይ ነው፤ ያውም በቂጡ። ይህ ሁሉ በክለቡ ቤት ውስጥ፣ ሽንት ቤቱ መግቢያ አጠገብ፣ በናስ ሰሌዳ ላይ ተጽፏል። የተዘለለው ቂጡ ብቻ ነው። ቂጡንም ሆነ ሌላውን የተዘለለ ነገር በቅርብ ካዩት አንዷ እኔ ነኝ፤ ችግሩ፣ ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ስለነበር ያየሁትን ሁሉ የተረዳሁት ገልብጬ ነው።

አውሮፓ የገባነው አሸንፈን እንዳይመስላችሁ። የዴንማርክ ዋንጫ ፍጻሜ ላይ ደርሰን አምስት ለዜሮ ተቀጠቀጥን። የቀጠቀጡን ሰዎች ግን የሊጉም ሻምፒዮን ስለነበሩ ወደ ትልቁ ውድድር ሄዱ፤ የዋንጫ አሸናፊዎች ውድድር ላይ የነበራቸው ቦታ ለተሸናፊው ተረፈ። አሰልጣኛችን ዳቦ ጋጋሪው ቫልደማር በዱቄት እጁ ደረቱን እየደቃ፣ «ተሸንፎ አውሮፓ መግባት ከኛ ሌላ ማን ያውቅበታል!» ብሎ ለከተማው ሁሉ በነጻ ኬክ አበላ።

በረኛው አባቴ ነበር። ኤይናር ይባላል፤ ሥራው ፖስተኛ ነው። የከተማው ሰው፣ «ኤይናር የሰው አደራ አያስቀርም፤ የመጣለትን ሁሉ ወደ ቤቱ ያስገባል» እያለ ይቀልድበታል። ቀኝ ተከላካዩ ፕሬበን ደግሞ የከተማው ብቸኛ ፖሊስ ነው። ፕሬበን ሌባ አባሮ ይዞ አያውቅም፤ ሌባው ራሱ አዝኖለት ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል ይባል ነበር።

ዕጣው ከኮሚኒስቷ ሃንጋሪ የብረት ፋብሪካ ቡድን ጋር አገናኘን። የመጀመሪያውን ጨዋታ እዚያ ሄደው ሲጫወቱ እኛ ቫልደማር ዳቦ ቤት ተሰብስበን በሬዲዮ ሰማን። ስምንት ለዜሮ። ከስምንቱ አራቱን ያገባው ዴዦ የሚባል የግራ ክንፍ፣ አሥራ አንድ ቁጥር ነው። ከአምስተኛው ጎል በኋላ የቫልደማር ሚስት ተነስታ ሬዲዮኑን ዘጋችና፣ «የቀረውን ጋዜጣ ላይ እናነበዋለን፤ ዳቦው እያረረ ነው» አለች።

አባቴ ሲመለስ በክር የተሰካ ቀይ በርበሬ በአንገቱ አንጠልጥሎ ገባ። ለኔ እንኳ ሰላምታ አልሰጠኝም። በቀጥታ እናቴ ወዳለችበት ልብስ ማጠቢያ ክፍል ገብቶ ውሃውን ከፈተው። ጆሮዬን በሩ ላይ ለጠፍኩ።

«ጓንቴ ውስጥ ከተተልኝ» አለ አባቴ።

«ማን አየው?» አለች እማዬ።

«ሠላሳ ሺህ ሰው እያየው ማንም አላየውም።»

አለቀሰች። ጋዜጣው እንደጻፈው በጓንቱ ሥር ሾልካ የገባችውን ስምንተኛዋን ኳስ ነው የሚያወራው፣ አባቴ ስሙ ጠፋ፣ እማዬም አብራው ጠፋች ብዬ አሰብኩ። ከብዙ ዓመት በኋላ ስጠይቀው አባቴ በሳቅ ፈረሰ። ስምንቱ ጎል ሲሶውን ያህል እንኳ አላሳሰበውም፤ «ሦስቱን ጭራሽ አላየኋቸውም፤ ባላየሁት ነገር ምን አሳዘነኝ?» አለኝ። ጓንቱ ውስጥ የገባችው በጀርመንኛ አራት መስመር የተጻፈባት የሲጋራ ወረቀት ነበረች። አራተኛውን ጎል ካገባ በኋላ መጥቶ እጁን ሲጨብጠው ያስቀመጣት ዴዦ ነው።

ለመልሱ ጨዋታ ሃንጋሪዎቹ ሰኞ ቀን ደረሱ። ያረፉት እናቴ ምግብ በምታበስልበት ማረፊያ ቤት ነው። እኔም ከትምህርት ቤት ስመለስ በኋላ በር ገብቼ ወጥ ቤት ውስጥ ድንች እልጥ ነበር። ሰዎቹ ለብቻ አይሄዱም፤ ሽንት ቤት እንኳ ሲሄዱ ሁለት ሁለት እየሆኑ ነው። ቡናማ ኮፍያ ያደረገ አንድ ሰውዬ ደግሞ አብሯቸው ነበር፤ ሾርባ ሲጠጣ እንኳ ኮፍያውን አያወልቅም። የሁሉንም ፓስፖርት በቦርሳ ይዞ የሚዞር እሱ ነበር። እኔ ራሰ በራነቱን የሚደብቅ የሒሳብ አስተማሪ መስሎኝ ነበር።

ዴዦ ሰኞ ከሰዓት ውሃ ልጠጣ ብሎ ወጥ ቤት ገባ፤ ጓደኛው በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። ቀጭን ነው፣ ጆሮዎቹ እንደ ማሰሮ እጀታ ናቸው። አየኝና ከክምሩ አንድ ድንች አነሳ። በእግሩ አነጠረ፣ በጉልበቱ ተቀበለ፣ ማጅራቱ ላይ አሳረፋት፤ ከዚያ ትከሻውን ነቅነቅ ሲያደርግ ድንቿ እየዘለለች ሄዳ የእማዬ ድስት ውስጥ ጠብ አለች። እማዬ ጥቁር ዳቦ ላይ የጉበት ቅባት ቀብታ ሰጠችው፤ ሲቀበላት እጅጌውን ይዛ በጀርመንኛ የሆነ ነገር አንሾካሾከችለት። እሷም እንደኔ ወደደችው ብዬ አሰብኩ። አልተቀየምኳትም። እንዲህ ያለ ሰው ለሁለት ይበቃል።

ማክሰኞ ከትምህርት መልስ ዳቦ ግዢ ተብዬ ቫልደማር ጋ ሄድኩ። ሱቁ ውስጥ ማንም የለም፤ ከጀርባ፣ ዱቄቱ ከሚከመርበት ክፍል ግን ድምፅ ይሰማል። የአባቴ፣ የቫልደማር፣ የፕሬበን፣ እንዲሁም የሽማግሌው የዶክተር ሪንግ ድምፅ ነው።

«ከዕረፍት በፊት አይሆንም፤ ከዕረፍት በኋላ ነው» አለ ቫልደማር። «እርስዎ ዶክተር፣ መኪናዎን ከማዕዘኑ በር ሥር ያቁሙልን።»

«በኔ በኩል ነው የሚመጣው» አለ ፕሬበን። «ተንሸራትቼ ገብቼ ቁርጭምጭሚቱን ብዬ እጥለዋለሁ።»

«ልፍስፍስ እንዳታደርጋት አደራ» አለ አባቴ። «ሰው ማመን አለበት።»

«እኔ ብቻ አንዴ መኪናዬ ውስጥ ላስገባው» አሉ ዶክተሩ፣ «ከዚያ በኋላ አያዩትም።»

ቀጥሎ አባቴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እናቱ በሰኔ ሞታለች። ከእንግዲህ ከኋላው የሚጠየቅ ሰው የለም» አለ።

«የሚጠየቅ» ነበር ያለው። እኔ የሰማሁት «የሚጠይቅ» ብሎ ነው። በአንዲት ፊደል የአባቴ ደግነት ወደ ነፍሰ ገዳይነት ተለወጠ። ዛሬ እንደማውቀው ዴዦ አገሩ ባይመለስ በሱ ፈንታ የሚቀጡት ዘመድ ስላልቀረው ነው እዚህ ለመቅረት የቆረጠው፤ እናቱ በሕይወት ብትኖር ከአጠገቧ አይነቃነቅም ነበር። ያን ቀን ግን የገባኝ፣ አባቴና ጓደኞቹ ከዚህ ሁሉ ጎል በኋላ የሚያሳፍር ነገር ማሰባቸው ነው፤ አሥራ አንድ ቁጥሩን እግሩን ሰብረው፣ በዶክተሩ መኪና ወስደው ሊያጠፉት ነው። ለምን ቢሉ፣ የሚጠይቅለት የለማ!

ዳቦውን ሳልገዛ ወጣሁ። ለፖሊስ እንዳልናገር ፖሊሱ ራሱ እግር ሰባሪው ነው። ለእማዬ እንዳልናገር ባሏ ነው። ቋንቋውን ስለማላውቅ የሥዕል ደብተሬን አወጣሁ። አሥራ አንድ ቁጥር የለበሰ፣ ትልልቅ ጆሮ ያለው ሰው ሳልኩ። የፖሊስ ቆብ ያደረገ ሁለት ቁጥር እግሩን ሲመታው ሳልኩ፤ ቀዩን ቀለም እስኪያልቅ ድረስ ደም አፈሰስኩ። የዶክተሩን ጥቁር መኪናም፣ ነጭ ቆብ ደፍቶ የሚስቀውን ቫልደማርንም ጨመርኩ። አባቴን መሳል አልቻልኩም። የበረኛውን ቦታ ባዶ ተውኩት።

ረቡዕ ጠዋት ትምህርት አልነበረም፤ ለጨዋታው ሲባል ሁሉም ነገር ዝግ ነው። በቁርስ ሰዓት ሥዕሉን አጥፌ በዴዦ ሳህን ሥር ሸጎጥኩና ከበሩ ጀርባ ቆምኩ። ዴዦ ከመቀመጡ በፊት ኮፍያ ለባሹ ሰውዬ መጣ። ለካስ በየጠዋቱ ሳህኑን ሁሉ እያነሳ ያያል! ሥዕሉን አገኘው። አየው፤ አገላብጦ አየው። ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተጋጠምን። እኔም «አዎ፣ እውነት ነው» በሚል ራሴን ነቀነቅኩለት። አጥፎ ኪሱ ከተተው።

ተገላገልኩ። አንድ ትልቅ ሰው አወቀ ማለት ነው። ትልቅ ሰው ካወቀ ደግሞ ነገሩ አለቀ።

ጨዋታው የተጀመረው በዘጠኝ ሰዓት፣ በጠራራ ፀሐይ ነው፤ ሜዳችን መብራት የለውም። ከአባቴ ጎል ጀርባ ከገመዱ ውጭ ቆምኩ። ሃንጋሪዎቹ ሲወጡ አሥራ አንድ ቁጥሩ የለም፤ ተቀያሪ ወንበር ላይ ከኮፍያ ለባሹ ጎን ተቀምጧል። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። አባቴ ግን ወደ ወንበሩ አየ፣ ፕሬበንን አየ፣ ቫልደማርን አየ። ሦስቱም ፊታቸው አመድ መሰለ።

«አሁን ምን ይዋጠን?» አለ ፕሬበን ወደ ጎሉ ተጠግቶ። «ልጁ አልገባም እኮ!»

«እኔ ምን አውቃለሁ!» አለ አባቴ። «ሂድና ተጫወት።»

በሃያኛው ደቂቃ የማዕዘን ምት አገኘን። ኳሷ መጣች፤ አናጢው ካይ ከአንዱ ሃንጋሪ ጋር እየተሰዳደበ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሞ ነበር። መጥታ ቂጡ ላይ ነጥራ መረብ ውስጥ ገባች። ካይ ራሱ ሰው ሲጮህ ነው ዞሮ ያያት። ከተማው አበደ። ቄሳችን ኮፍያቸውን ወደ ላይ ወርውረው እስከ ዛሬ አላገኙትም። ድምር ውጤቱ ስምንት ለአንድ ሆኖ ሰው የዓለም ዋንጫ የበላ ያህል ይተቃቀፋል፤ አባቴ ግን የጎሉን ብረት ተደግፎ የሃንጋሪዎቹን ወንበር ነው የሚያየው።

እኔም አየሁ። አሰልጣኛቸው በኮፍያ ለባሹ ላይ እየጮኸ ነው፤ ከእንጨት የተሠራውን የውጤት ሰሌዳ እያሳየው። ኮፍያ ለባሹ ከኪሱ ሥዕሌን አውጥቶ ዘረጋለት። አሰልጣኙ በእጁ ገፈተረው።

በዕረፍት ሰዓት ቫልደማር ብርጭቆ ቢራ ይዞ አባቴ ጋ መጣ። «ይገባል» አለው። «በፖስተኛና በዳቦ ጋጋሪ ተሸንፈው አገራቸው አይገቡም። ካይን ቂጡን ሳምልኝ።»

እውነትም ከዕረፍት መልስ ዴዦ ገባ። እኔም አባቴን ተከትዬ ወደ ሌላው ጎል ጀርባ ዞርኩ። በገባ በአራተኛው ደቂቃ ሦስት ሰው አልፎ አገባ። አባቴ ከወደቀበት ሳይነሳ በጀርመንኛ የሆነ ነገር ጮኸበት። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ዴዦ ሁለተኛውን ደገመ። አሁን አባቴ በጉልበቱ ተንበርክኮ መሬቱን እየደበደበ በገዛ ቋንቋችን፣ «በቃህ እንጂ! ውደቅ! ውደቅ!» ይላል። የገዛ አባቴ ሰው እንዲወድቅ ሲለምን ስሰማ አፈርኩበት። ዴዦ በኋላ እንደነገረኝ ለመውደቅ አስቦ ነበር የሚመጣው፤ «ግን ምን ላድርግ፣ ጎሉ ክፍት ነበር» አለኝ። ልማድ ክፉ ነው።

ትልቁ ችግር ግን ፕሬበን ነበር። ሊመታው አልደረሰበትም! ተንሸራትቶ ሲገባ ዴዦ ካለፈ ቆይቷል። ሦስት ጊዜ ሞከረ፤ ሦስቴም ሣር ብቻ ነው ያጨደው። ሕዝቡ ጉዳዩን ስለማያውቅ በሳቅ ይሞታል።

«ፕሬበን! ፊሽካህን ንፋበት!»

«መጥሪያ ላክለት!»

«በኤይናር አትላከው እንጂ፣ ኤይናር ጎል ውስጥ ነው የሚያስገባው!»

በመጨረሻ ዴዦ ማዕዘኑ ጋ፣ ከዶክተሩ መኪና ፊት ለፊት፣ እግሩን ኳሷ ላይ አሳርፎ አውቶቡስ እንደሚጠብቅ ሰው ቆመ። ፕሬበን ከሩቅ እያለከለከ ይመጣል። ያኔ ገባኝ፤ ዴዦ ምንም አያውቅም። ሥዕሉን አላሳዩትም። ማንም አይደርስለትም፤ ከኔ በቀር።

በገመዱ ሥር ሾልኬ ሮጥኩ። ፕሬበን ሲንሸራተት እኔ የዴዦን ግራ እግር በሁለት እጄ አቅፌ ተጣበቅኩ። ፕሬበን እኔን ሲያይ ሰውነቱን ጠምዝዞ አለፈንና ከእንጨት አጥሩ ጋር ተላተመ፤ የትከሻው አጥንት ቋ ሲል ሰማሁት። ዴዦ እኔ እግሩ ላይ እንደተንጠለጠልኩ ለአንድ አፍታ ቆመ። ቁልቁል አየኝ። መኪናውን አየ። ከዚያ እንደሚታረድ አሳማ ጮኸና ወደ ኋላው በጀርባው ተዘረረ።

በእጄ የያዝኩት እግር ይንቀጠቀጣል። የሰበርኩት እኔ ነኝ።

ያለን ቃሬዛ አንድ ነው። ዶክተር ሪንግ ከዕድሜያቸው በላይ ሮጠው መጡና ዴዦን አስጫኑት።

«እኔስ?» አለ ፕሬበን ክንዱን ይዞ እያቃሰተ። ከሁሉም የምሩን የተሰበረው እሱ ነበር።

«አንተ ቆይ!» አሉት።

ኮፍያ ለባሹ ሲበር ደረሰ፤ ወደ ቃሬዛው ግን አልሄደም። በቀጥታ ዳኛው ጋ ሄዶ ሥዕሌን አፍንጫው ሥር እያውለበለበ በአገሩ ቋንቋ ይጮኻል፤ አንዴ ፕሬበንን፣ አንዴ ሥዕሉን ያሳያል። ዳኛው ሥዕሉን ተቀብሎ ቢያየው ቢያየው አልገባው ብሎ ገልብጦ ያየው ጀመር። እነሱ ሲጨቃጨቁ መኪናው በማዕዘኑ በር ወጣ። ከኋላ ወንበር ላይ እማዬ ሽርጧን ሳትፈታ ተቀምጣለች።

ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ይባላል። የኔ ተርፎ ነበር። ሰውዬው ተጫዋች እንዳይጠፋ የሚከታተል የመንግሥታቸው ሰላይ ነበር፤ ትእዛዙም አንድ ነው፤ ማንም ተጫዋች የትም ቢሄድ አብሮ መሄድ። ሥዕሉ ባይኖር መኪናው ውስጥ ከዴዦ ጎን ይቀመጥ ነበር። እሱ ግን ዴንማርኮቹ እግር ሊሰብሩ ማሴራቸውን ጠዋት በሥዕል አንብቧል፤ ከሰዓት በዓይኑ አየው። ሰው ሊያመልጥ ነው ብሎ የሚያስብበት ቦታ በጭንቅላቱ ውስጥ አልቀረለትም። ነገሩን እኔ ባየሁበት ዓይን ያየ ብቸኛ ትልቅ ሰው እሱ ነበር። ዴዦ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ያ ሰውዬ ሰው አስመለጠ ተብሎ የፋብሪካ መጋዘን ጠባቂ ሆኖ እንደቀረ ነገረኝ። ሲነግረኝ አልሳቀም።

ጨዋታው ሁለት ለአንድ አለቀ። ሃንጋሪዎቹ ሆስፒታል ሄደው ሲጠይቁ ያገኙት ፕሬበንን ብቻ ነው፤ ያውም በእግሩ ሄዶ የደረሰውን። ዶክተሩ መኪናቸውን በቀጥታ ወደ ኮፐንሃገን ነድተውት ነበር።

ለኔ ግን ማንም ምንም አልነገረኝም። ልጅ ያወራል ተብሎ ነው፤ አልፈርድባቸውም። ስገባ ወሬ ይቋረጣል። እማዬ የጋዜጣውን የፊት ገጽ ቀዳ ምድጃ ውስጥ ከተተችው። በሳምንቱ ድፍረት አግኝቼ አባቴን ጠየቅኩት።

«አባዬ፣ አሥራ አንድ ቁጥሩ የት ሄደ?»

ጎንበስ ብሎ ጸጉሬን ዳሰሰኝ። «ደህና ቦታ ነው ያለው ዶርቴ። ግን ስለሱ ለማንም እንዳታወሪ።»

ደህና ቦታ! ቄሳችን አያቴ ስትሞት የሄደችበትን ቦታ የጠሩት በዚሁ ስም ነው።

ለእግዚአብሔር ሐሳብ አቀረብኩለት። ዴዦ ካልሞተ፣ እግሩም ካልተቆረጠ፣ እኔ የግራ እግሬን አልጠቀምበትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ በቀኝ እግሬ ብቻ እየዘለልኩ ትምህርት ቤት ሄድኩ። በበረዶ ዘለልኩ፣ በጭቃ ዘለልኩ። እማዬ የሰኞ ማክሰኞ ጨዋታ ሱስ የያዘኝ መስሏት ነበር። ጫማ ሰፊው፣ «የዚች ልጅ ቀኝ ጫማ ሦስቴ ተሰፋ፤ ግራው ግን እንደ ተገዛ ነው፤ ምንድን ነው ነገሩ?» ብሎ እማዬን ሲጠይቃት፣ «ፖስተኛ አይደል አባቷ፣ እግር የምትቆጥበው ለሱ ይሆናላ» አለችው።

በግንቦት አንድ እሑድ ምሳ ሰዓት፣ ግቢያችን ውስጥ የአሳማ ጥብስ ቀርቦ ተቀምጠን ሳለ የአጥሩ በር ተከፈተ። የኬክ ካርቶን የያዘ ሰው ገባ። መጀመሪያ ያየሁት ጆሮዎቹን ነው። እማዬ ወንበሯን ገልብጣ ሮጣ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች፤ አባቴም ትከሻውን እየደበደበ ይስቃል፣ ያለቅሳል። እኔ የማየው እግሮቹን ነው። ሁለት ናቸው። ሁለቱም ይራመዳሉ።

መጥቶ ፊቴ በርከክ አለና በተሰባበረ ቋንቋችን፣ «አንቺ ትልቅ ሆንሽ!» አለኝ።

«የትኛው ነው የተሰበረው?» አልኩት።

አልገባውም፤ ወደ አባቴ ዞረ። አባቴ ሲተረጉምለት በሳቅ ተንከተከተ። ተነስቶ ሣሩ ላይ እየዞረ ጨፈረልኝ፤ ጉልበቱን እያነሳ፣ ተረከዙን እያጋጨ።

«ምንም አልተሰበረ! ቲያትር ነው! እኔ ጥሩ ተዋናይ፣ አይደለም?»

ሰባት ወር ሙሉ። በበረዶ። በአንድ እግር።

ቀስ ብዬ ተጠጋሁና፣ ቆጥቤ ባቆየሁት በግራ እግሬ፣ ባልተነካው ጫማዬ፣ ቅልጥሙን ባለ በሌለ ኃይሌ ጠለዝኩት። ዴዦ ጮኾ ተዘረረ፤ ኬኩ ከላዩ ተደፋበት፤ እግሩን ይዞ ሣሩ ላይ ይንከባለላል።

«ተነስ ዴዦ» አለ አባቴ ጥብሱን እየቆረጠ። «እዚህ ዳኛ የለም።»

«አይደለም ኤይናር!» አለ ዴዦ እንባው እየወረደ። «ይኼ የምር ነው!»